ቄብ ናቸው ተብለው የተገዙ ጫጩቶች

ክረምቱ ሲገባ አንዲት ጎረቤቴ ከዕቁብ በደረሳት ገንዘብ 10 ጫጩቶች ገዝታ ወደ ግቢያችን ይዛ ገባች። ሻጩ የ45 ቀን ጫጩቶች እንደሆኑና ሁሉም ቄብ መሆናቸውን ምሎ ነግሯታል። እርሷ ከሥራ ስትመለስ መኖ እየሰጠች፣ ልጆቿም ከትምህርት ቤት ሲመጡ ውሃ እየቀየሩላት የመጀመሪያውን እንቁላል መጠበቅ ያዘች። የአንዳንዶቹ ራስ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲቀላ ብታይም የመልካም አያያዝ ምልክት መስሏት ደስ አላት። ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ማለዳ ከቆጡ ላይ የሻከረ፣ ገና ያልጠና ድምፅ ተሰማ። በሳምንቱ ሁለት ሆኑ። በመጨረሻ ሲቆጠሩ ከ10ሩ 6ቱ አውራ ሆነው ተገኙ።

«እንቁላል ለልጆቼ ብዬ 6 አውራ ስቀልብ ከረምኩ እኮ!» አለችኝ። በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም። የሁለት ወር መኖ ከመሄዱም በላይ ለልጆች ቁርስ ይደርሳል የተባለው እንቁላል ከግማሽ በታች ወርዷል።

ለመሆኑ ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? መልሱ እንደ ዕድሜውና እንደ ዝርያው ይለያያል።

ከእንቁላሉ እንነሣ። ሾጣጣው እንቁላል ወንድ፣ ክቡ ሴት ይሆናል እየተባለ ለእቅፍ የሚሆነው የሚመረጥበት ቤት አለ። ይህ እምነት ብቻ ነው። የጫጩቱ ጾታ የሚወሰነው አስኳሉ ቅርፊት ሳይለብስ ነው፤ የቅርፊቱ ቅርፅ ግን በኋላ እንቁላሉ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም። በነገራችን ላይ፣ በዶሮ ዘንድ ጾታን የምትወስነው እናቲቱ ናት። በሰው ዘንድ ግን የሚወስነው የአባት ዘር ነው። ሴት ልጅ ብቻ ወለድሽ እየተባለች የምትወቀስ እኅት ካለች ይህችን አንቀጽ ለባለቤቷ ታንብብለት።

የሐበሻ ዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ ሰሞን በዓይን ታይቶ አይለይም። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ አወራጨቱን መመልከትም ጫጩቱን ከማሠቃየት በቀር ጥቅም የለውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ የጃፓን ባለሙያዎች የአንድ ቀን ጫጩትን ፊንጢጣ በጣት ገልጠው በውስጡ ያለችውን እጅግ ትንሽ እብጠት በማየት ጾታውን የሚለዩበት ዘዴ አወጡ። የሠለጠነ ሰው በዚህ ዘዴ በሰዓት በመቶ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን ይለያል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ረዥም ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ከነካው ጫጩቱ ይጎዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይሞከር።

ቀለማቸው ጾታቸውን የሚናገርባቸው ዝርያዎችም አሉ። ቦቫንስ ብራውንና ኢሳ ብራውን የሚባሉት የእንቁላል ዶሮዎች ሲፈለፈሉ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ናቸው። ይህን ቀለም ሴቷ ጫጩት የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ስለሆነ ቡናማ ትሆናለች፤ ወንዱ ግን ከሁለቱም ወርሶ የእናቱ ነጭነት ያይልበታል። እንግዲያው ነጭ ጫጩት ይዞ «የቦቫንስ ቄብ ነው» የሚላችሁን ሻጭ እለፉት። ደግሞም ቡናማዋን ዶሮ ከሌላ አውራ ጋር አኑራችሁ ብታስፈለፍሉ ጫጩቶቿ ይህን ምልክት ይዘው አይወጡም። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዥንጉርጉሩ ኮኮክም እንዲሁ ነው፤ ወንዱ ሲፈለፈል በራሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይታይበታል፤ ሲያድግ ነጣ ይላል፣ ሴቷ ግን ጠቆር ትላለች።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ግን የ45 ቀን ወይም የሁለት ወር ጫጩት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱን ብቻ አንሥቶ መፍረድ ያሳስታል። አንድ ዝርያና አንድ ዕድሜ ያላቸውን ጎን ለጎን አይታችሁ አመዛዝኑ። በራሱ ላይ ያለው ሥጋ ወፍሮ የቀላ፣ ከመንቁሩ በታች የሚንጠለጠለው መታየት የጀመረ፣ እግሩም ደንደን ያለ ከሆነ ወንድ መሆኑን ጠርጥሩ። የቄቧ ራስ በዚህ ዕድሜ ገና ትንሽና ፈዛዛ ነው። ላባም ቶሎ የምትለብሰው ብዙውን ጊዜ ቄቧ ናት፤ የወንዱ ትከሻና ጀርባ ሳሳ እንዳለ ይቆያል። በሐበሻ ዶሮ ላይ ግን ብዙዎቹ በራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ አጭርና ድፍን ስለሆነ ምልክቱ እንደ ፈረንጅ ዶሮ አይጎላም፤ ጉትዬ ሲሆን ደግሞ ጭራሹን በላባ ይሸፈናል። መደባደቡን አይታችሁ ወንድ ነው አትበሉ፤ ቄቦችም ይደባደባሉ።

አስተማማኙ ምልክት የሚመጣው ሦስት ወር ሲቃረብ ነው። ከጅራቱ ፊት ለፊት፣ ወገቡ ላይ ያለውን ላባ ገለጥ አድርጉ። የወንዱ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የሴቷ ሰፋ ብሎ ጫፉ ክብ ነው። የአንገቱም ላባ እንዲሁ ነው። የ3 ወር ቄብ ዋጋዋ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም ገንዘቧ የተመጠነ እናት 10 ያልተለዩ ጫጩቶች ከምትገዛ 5 የተለዩ ቄቦች ብትገዛ ይሻላታል ባይ ነኝ። መኖ የሚበላው ጫጩቱ እንጂ ሻጩ አይደለምና።

ያለ አውራ እንቁላል አይገኝም የሚሉም አሉ። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው፤ ቄብ ዕድሜዋ ሲደርስ ያለ አውራም ትጥላለች። ግድግዳ ለግድግዳ በምንኖርበት ግቢ የሌሊት ጩኸቱ መቅረቱ ለጎረቤትም እረፍት ነው።

ጎረቤቴ ከ6ቱ አውራዎች 4ቱን ለእንቁጣጣሽ ሸጠች፤ 2ቱ ለቤት ታረዱ። በገንዘቡ ሌላ ቄብ ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ሻጩ «እመቤቴ፣ ሁሉም ቄብ ናቸው» አላት። «እሺ ወንድሜ፣ እስቲ ላባቸውን ልየው» ብላ ጎንበስ አለች። ከ8ቱ 5ቱን ለይታ አነሣች። ሻጩ ዋጋ ጨመረባት፤ ትንሽ ተከራከረችና ከፈለች።