በአድዋ ቀን ድምፃችን የት ነበር?



የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን 126ኛውን የአድዋ ድል በዓል ስታከብር ዋለች። በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ አንድ ወረራ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ገና ሳምንት አልሞላትም። 141 አገሮች ወረራውን አወገዙ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከሦስቱም መካከል አልነበረችም፤ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዩክሬንን አራት ክፍለ ግዛቶች በኃይል መቀላቀልን የሚያወግዝ ውሳኔ ሲቀርብም ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

እኛ ይህ ዝምታ እንዲበቃ እንፈልጋለን። ጥያቄያችንንም የምናቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ነው፤ በእኛ ስም የተቀመጡት እነርሱ ናቸውና።

ወረራ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በመስከረም 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከብ ክፍት ሆኖ ቀረ። ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ እያለቀ ትልልቆቹ መንግሥታት «ጥቅማችን እንዳይነካ» አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ እንኳ ያ ለስሙ የተጣለው ማዕቀብ ተነሳ። ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በየቀኑ ታክሲ የምንሳፈርበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። ሜክሲኮ ጦር አልላከችልንም፤ እውነቱን ብቻ ተናገረች። እኛም እስከ ዛሬ አልረሳንላትም። ዛሬ ከምክር ቤታችን የምንጠብቀው ያንኑ ያህል ነው።

የዚህ ወረራ ጉዳት የደረሰባቸው የእምነት ወንድሞቻችንም አሉ። የክራይሚያ ታታሮች ከጥንት ጀምሮ በዚያች ምድር የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ግንቦት 10 ቀን 1936 ዓ.ም. የስታሊን መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ180 ሺህ በላይ የሚሆኑትን በከብት ፉርጎ ጭኖ ወደ ኡዝቤኪስታንና ወደ ሌሎች ሩቅ አገሮች አጋዛቸው። በጉዞው ላይና በስደቱ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙዎች አለቁ። ወደ አገራቸው በብዛት መመለስ የቻሉት ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሩሲያ በ2006 ዓ.ም. ክራይሚያን ስትይዝ አንጋፋ መሪያቸው ሙስጠፋ ጀሚሌቭ ወደ ትውልድ ምድራቸው እንዳይገቡ ታገዱ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ መጅሊስ የሚባለው የሕዝባቸው ተወካይ ምክር ቤት «ጽንፈኛ» ተብሎ ተዘጋ። በወቅቱ ዓለም በለሆሳስ አለፈው። ከ8 ዓመት በኋላ ታንኩ ወደ ኪየቭ አመራ።

«ምዕራባውያን ኢራቅን ሲወሩ የት ነበሩ? ለጋዛስ ለምን አይጮሁም?» የሚል ወንድም እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኛም እንጠይቃለን። ነገር ግን የሌላው አድልዎ ለእኛ አድልዎ ፈቃድ አይሆንም። የፍልስጤም መሬት በጉልበት አይወሰድ የምንል ከሆነ የዩክሬንም መሬት በጉልበት አይወሰድ ማለት አለብን። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ነገ ስለ ጋዛ ስንናገር ማን ይሰማናል?

ሌላው «ሩሲያ ወዳጃችን ናት» ይላል። እውነት ነው፤ ከአድዋ ማግስት የሕክምና ቡድን ልካልናለች፤ በቅርቡም በጸጥታው ምክር ቤት ከመንግሥታችን ጎን ቆማለች። ዛሬ ደግሞ በብሪክስ አብረን ተቀምጠናል። ሆኖም ወዳጅ ማለት ሲያጠፋም የሚያጨበጭብ ማለት አይደለም። ነጃሺን እናስታውስ። የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኞቹን ሶሐቦች ለማስመለስ ስጦታ ተሸክመው ሲመጡ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰማ፣ ፈረደ፣ ስጦታውንም መለሰ። ሐበሻ ማንም የማይበደልባት ምድር የተባለችው በዝምታዋ አይደለም።

ጦርነቱ ሩቅ ነው የሚልም ካለ የዳቦውን ዋጋ ይመልከት። ከሁለቱም አገሮች ስንዴ እናስገባ ነበር። ወደቦቹ ተዘግተው ቆይተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከዩክሬን የጫነው የመጀመሪያው መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ይዞ የተነሳው ለኢትዮጵያ ነበር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቶቻችን ለመዝመት ብለው አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፈው አይተናል። ኤምባሲው ተዋጊ አልመለምልም ቢልም፣ እድሜያቸው ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ልጆች በሰው ጦርነት ለመሞት መሰለፋቸው ሊያስደነግጠን ይገባል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባሎቻችንን ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ወረራውንና መሬትን በኃይል መቀላቀልን በስሙ ጠርቶ የሚያወግዝ ውሳኔ ያሳልፉ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 86 የአገሮችን ሉዓላዊነትና እኩልነት ማክበርን የውጭ ግንኙነት መርህ አድርጎታል፤ አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ሁለተኛ፣ የውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ጠርቶ ድምፃችን ለምን እንደታቀበ በይፋ ያስረዳ ይበል። ጎረቤታችን ኬንያ ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩትን ድንበር በጦርነት አንለውጥም ብላ በጸጥታው ምክር ቤት ተናግራለች፣ ወረራውንም በድምፅዋ አውግዛለች። እኛን ምን ከለከለን?

ሦስተኛ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ወጣት በገንዘብ ተታሎ ለየትኛውም ወገን እንዳይዘምት ጥብቅ ቁጥጥር እንዲደረግ ይወትውቱ።

እናንተም ወንድሞችና እህቶች፣ በየአካባቢያችሁ የመረጣችኋቸው ተወካዮች አሉ። በእረፍት ወደ ቤት ስትመለሱ ጠይቋቸው፣ ደብዳቤ ጻፉላቸው። በ1928 ዓ.ም. ዝም ያሉንን እስከ ዛሬ እየወቀስን፣ እኛው ዝም ካልን የምንወቅስበት አፍ አይኖረንም።

አላህ ከበዳይም ከዝምተኛም አያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።