አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመን የማናውቅ ጥቂቶች ነን። ማስታወቂያው ከዲግሪውና ከሥራ ልምዱ ቀጥሎ አንዲት መስመር ይጨምራል፤ «አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ ያለው/ያላት» የምትል። እኛም ማመልከቻችን ላይ «አለን» ብለን እንጽፋለን። ከተቀጠርን በኋላ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የምንማረው ሌላ ነው። ስብሰባ ይጠራል፤ ሐሳብ ይቀርባል፤ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ይላሉ። ጥያቄ ያለው አይኖርም። ጥያቄው የሚወጣው ከስብሰባው በኋላ፣ ማኪያቶ ቤት ነው። እዚያ ሁላችንም ሊቅ ነን። «ይሄ ነገር እንደማያዋጣ'ኮ ገና ሲጀመር ነው የገባኝ!» እንባባላለን። ከዚያ ሂሳባችንን ከፍለን ወደ ቢሮ እንመለስና አያዋጣም ያልነውን ነገር መሥራት እንቀጥላለን።

ከመካከላችን አንዷ ደጋግማ የምትነግረን ታሪክ አለ። ትሠራበት የነበረው ቢሮ ብሮሹር ያሳትማል። ረቂቁ አራት ጠረጴዛ ዞሮ፣ አራት ፊርማ አርፎበት ማተሚያ ቤት ገባ። ታትሞ ሲመጣ የቢሮው ስልክ ተብሎ የተጻፈው ከተቋረጠ ዓመት ያለፈው የድሮው ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ጥፋተኛ ሲፈለግ የመጀመሪያው ፈራሚ «ከእኔ በኋላ ሦስት ሰው ያየዋል ብዬ ነው» አለ። የመጨረሻው ፈራሚ ደግሞ «ከእኔ በፊት ሦስት ሰው አይቶታል ብዬ ነው» አሉ። ወዳጃችንስ? እሷ ስህተቱን አይታው ነበር። «አለቃዬ ከፈረሙበት በኋላ እኔ ማን ነኝ?» ብላ ዝም አለች። አራት ፊርማ፣ አንድ ያየ ዓይን፣ እሱም ዝም ያለ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ይነቅዛል እንጂ! ብሮሹሩ ካርቶን ሙሉ ሆኖ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲነቅዝ እሷ በዓይኗ አይታለች።

ብሮሹር ግን እንደገና ይታተማል። እንደገና የማይታተም ነገርም አለ። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው መሬት ይበቃናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ የበረራ ቁጥር 302፣ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ተከሰከሰ። ተሳፍረው የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዓይነት የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

ስለ አደጋው ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን የቢሮውን ወገን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተወሰነውን። አውሮፕላኑ ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተገጥሟል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ወደ ላይ ቀና ያለ ሲመስለው በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፍቅ ነው። ቀና ማለት አለማለቱን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ አውሮፕላኑ ላይ አሉ። ሶፍትዌሩ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲሳሳት ኤምካስም አብሮ ተሳሳተ፤ ደጋግሞም አፍንጫውን ወደ መሬት ደፈቀ። አያቶቻችን ኢንጂነሪንግ አልተማሩም፤ ግን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብለዋል። እዚህ ደግሞ ሁለት ዓይን ያለው አንዱን ጨፍኖ ነው አፈር ውስጥ የገባው።

ታዲያ ያን ሁሉ መሐንዲስ የያዘ ኩባንያ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ? አልጠፋም። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባካሄደው ምርመራ ላይ አንድ ኢ-ሜይል ይፋ ሆነ። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ አውሮፕላኑ ገና መንገደኛ ሳይጭን። አንድ የቦይንግ መሐንዲስ ለባልደረቦቻቸው ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ኤምካስ በአንድ ሴንሰር ብልሽት ለአደጋ ይጋለጣል ወይስ የሚያመሳክርበት ነገር አለ? የሚል። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው ቦታ ተጠይቋል። ሥራው ግን ቀጠለ።

ለምን ቀጠለ? በዚያ ቤት አንድ ግምት እንደ እውነት ተቆጥሮ ስለነበር ነው። ግምቱ «ሶፍትዌሩ ቢሳሳት እንኳ ፓይለቶቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለይተው ያስተካክሉታል» ይላል። መስፈርቱን ያሟላል የተባለው በዚህ ስሌት ነው። ነገር ግን እነዚያው ፓይለቶች ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ አልተነገራቸውም ነበር! ከጀርባ ደግሞ የገበያ ሩጫ ነበር፤ ከኤርባስ ጋር ፉክክሩ፣ ፓይለቶች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው እንዲያበሩ የተገባው ቃል። ሩጫ ባለበት ቤት ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው እንቅፋት ይመስላል።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላም ዕድል ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ራሱ በሠራው ትንታኔ፣ ማስተካከያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ለፓይለቶች ማሳሰቢያ ብቻ ተላልፎ ነበር፤ ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ እያለም በረራው ቀጠለ። የእኛው አየር መንገድ ግን በአደጋው ዕለት፣ የጥቁሩ ሳጥን ድምፅ ሳይሰማ፣ የቀሩትን አራት ማክሶች አቆመ። ቻይና በማግስቱ ተከተለች። አሜሪካኖቹ ያገዱት መጋቢት 4 ነው። ማስረጃው ገና ሳይሟላ መወሰን ግዴታ ሲሆን «ብንሳሳት የትኛው ስህተት ይብሳል?» ብሎ መመዘን እንዲህ ነው። አውሮፕላን ለጥቂት ሳምንት ያለ ምክንያት ቢቆም ገንዘብ ይከስራል። ያለ ምክንያት ቢበር ግን ሰው ይሞታል።

በኋላ ማክስ ተስተካክሎ እንደገና ሲፈቀድ ከማስተካከያዎቹ አንዱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኤምካስ የሁለቱንም ሴንሰሮች ንባብ እንዲያመሳክር ተደረገ። ማለትም በ2015ቱ ኢ-ሜይል ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ተሰጠ። በመካከሉ 346 ሰው አልቋል።

ከዚህ ለእኛ ቢሮ የሚተርፈው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ክሪቲካል ቲንኪንግ ሲባል በሥልጠና አዳራሽ ፓወር ፖይንት ተከፍቶ የሚሰጥ፣ ሰርተፍኬትና ሻይ ያለበት ነገር ይመስለናል። እኛ እንደገባን ግን ከጥቂት ልማዶች አይበልጥም። አንደኛው ግምትን ከእውነት መለየት ነው። «ደንበኞቻችን ይወዱታል»፣ «እስከ ሰኔ ያልቃል» ሲባል «እንዴት አወቅን? ማን አየው?» ማለት። ሁለተኛው ከመወሰን በፊት «ይህ ነገር ከሸፈ በምን ይከሽፋል?» ብሎ ሁሉም በቁራጭ ወረቀት ስም ሳይጽፍ እንዲሞላ ማድረግ። አፍ የሚፈራውን እጅ ይጽፈዋል። ሦስተኛው ለምን እንደወሰንን መዝግቦ ከሦስት ወር በኋላ ገልጦ ማየት ነው። ካልተመዘገበ ሁላችንም «እኔ'ኮ ብዬ ነበር» ባይ እንሆናለን።

«አለቃዬን አታውቁትም» የሚለን ወዳጅ እንዳለ እናውቃለን። ልክ ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበትን ሰው «ጀግና ሁን» ማለት ቀላል ነው። ግን መጠየቅና መዝለፍ አንድ አይደሉም። በስብሰባ መካከል «ይሄ ስህተት ነው» ከማለት፣ ቀደም ብሎ ለብቻቸው «ጋሼ፣ እንዲህ ቢሆን ምን አዘጋጅተናል?» ማለት አለቃንም ያከብራል፣ ሥራውንም ያድናል። ወዳጃችን ያቺን ስልክ ቁጥር በዚህ ዓይነት ብታነሣት ኖሮ ማንም አይቆጣትም ነበር። ሁሉን ነገር የሚቃወም ሰውም አሳቢ አይባልም፤ እሱም እንደ ዝምተኛው ነገሩን አልመረመረም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይኼኛው ነው። የቦይንጉ መሐንዲስ ጠይቀዋል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ብሂል የሚሠራው መልስ ሰጪ ሲኖር ነው። ስለዚህ ዕዳው የጠያቂው ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን የሰሚው ነው። በሽምግልና እንኳ ሁለቱም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ቢሮ ውስጥ ግን አለቃው መጀመሪያ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ሁሉ ምስጋና ይሆናል። አለቃ መጨረሻ ቢናገር ምን ይጎድልበታል?

ይህን የምንለው ለአለቆቻችን ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ቡድን መሪ የሆኑ አሉ፤ ሌሎቻችንም ነገ ከነገ ወዲያ እንሆናለን። ያን ጊዜ «ጥያቄ ያለው?» ብለን ወረቀታችንን መሰብሰብ ስንጀምር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት አዲስ ሠራተኛ እጇን በግማሽ ታነሣና መልሳ ታወርዳለች። ወረቀቱን መልሰን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥ። «አንቺ ልትይ የፈለግሽው ነበር?» እንበላት።