የአባዬ ቮልስ ስንት ታወጣለች?

ባለፈው ወር አንድ ደላላ እዚህ ጎንደር የእናቴን በር አንኳኳ። የመጣው ቤት ወይም ቦታ ፍለጋ አልነበረም። ከግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር የቆመችውን የአባቴን ቮልስዋገን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ ነው።

«እማማ፣ ጥሩ ገዢ አለኝ፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል» አላት። እማዬ ቡና እየቆላች ስለነበር ቀና እንኳ ሳትል «ልጆቹን ጠይቅ» ብላ አሰናበተችው። ማታ ስልኬ ጠራ።

የተባለውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪደርስ ያረጃል። ሦስት ልጆች ያለንን ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ያነጋገረ ገንዘብ መሆኑን ግን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ ልጇ ዘንድሮ ኮሌጅ ይገባል፤ «አባዬ ቢኖር እራሱ ይሸጣት ነበር» አለች። ታናሽ ወንድማችን ውጭ አገር ነው፤ «እንዳትነኳት!» ብሎ ጻፈ፤ ለአንዲት ጎማ መግዣ ግን ልኮ አያውቅም። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። እናም እንደ ልማዴ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ።

ትንሿ መኪና፣ ትልቁ ስም

ቮልስ በአገራችን ተራ አሮጌ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት በአንዲት ቮልስዋገን ውስጥ ነበር። ያን የሰማ ሁሉ የዘመን መለወጫዋን መኪና ያስታውሳል።

ስፖርት መኪና ናት ብል ትስቁ ይሆናል። ሆኖም ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፋት መኪና ናት፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፖርሼ ስፖርት መኪናም በብዙ የቮልስ ዕቃ የተሠራ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ባለችበት በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ውድድርም ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥታለች፤ በጭቃና በኮረኮንች ከእሷ የበለጠ ጉልበት ያላቸውን እየጣለች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሯ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ዋጋው ለምን አይወርድም?

በአውሮፓና በአሜሪካ የመኪና ዋጋ እንደ ሸለቆ ነው። አዲሱ ከመሸጫው በር ሲወጣ መውረድ ይጀምራል፤ ዓመት በዓመት ይንሸራተታል፤ ከሸለቆው ወለል ሲደርስ አብዛኛው ወደ ቁራጭ ብረት ይሄዳል። ሰው የሚወዳቸው ጥቂቶች፣ በተለይ ስፖርት መኪኖች፣ ከወለሉ ተነሥተው ሌላውን አቀበት ይወጣሉ። ብልህ ገዢ የሚገዛው ወለሉ ላይ ሲደርሱ ነው።

በእኛ አገር ሸለቆው የለም። መኪና የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ቀረጥና ታክሱ ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተተኪ የለውም፤ ዲኤክሱም፣ ቪትዙም ዋጋቸውን ይዘው የኖሩት በዚህ ነው። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረት ለመኪና የተተረተ ይመስላል።

ሆኖም ሁለት ዓይነት ውድ አሮጌ መኪና እንዳለ ልብ በሉ። አንደኛው ስለሚሠራ የሚወደድ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ገበያ ይሄዳል። ሁለተኛው ስለሚወደድ ብቻ ይወደዳል። የኤሌክትሪክ መኪና በዋጋም በመለዋወጫም እየቀለለ ከመጣ፣ የመጀመሪያው ዓይነት መኪና ዋጋው ሊሸረሸር ይችላል። የሁለተኛው ግን የሚወሰነው በወዳጆቹ ነው። ወዳጆቹ ደግሞ ያረጃሉ። እኔ በቮልስ ውስጥ ያደግሁ ስለሆንኩ ዋጋዋ ይገባኛል፤ ልጄ ግን «አባ፣ ይቺ ስልክ የት ላይ ነው የምትቻርጀው?» ነው ያለኝ።

አርባ ስምንት እጥፍ?

«ያኔ በ5 ሺህ ተገዝታ ዛሬ ይህን ያህል!» የሚል ወሬ ቡና ላይ ሁሌም ይሰማል። እስቲ እናስላው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1985 ዓ.ም መጀመሪያ አንድ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በዚያ ዘመን በ5,000 ብር መኪና ገዛ እንበል፤ 2,415 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ያው 2,415 ዶላር ወደ 138 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ደግሞ ከ241 ሺህ ብር በላይ ሆነ።

ስለዚህ ያ ሰው መኪናውን በ240 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ አርባ ስምንት እጥፍ አተረፍኩ ማለት አይችልም። በዶላር ሲታይ ያወጣውን ብቻ መለሰ። የዶላሩም አቅም ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። በዚህ ሁሉ ዓመት የከፈለው የጎማ፣ የባትሪ፣ የቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የጋራዥ ሂሳብ ገና አልተቀነሰም። በአጭሩ፣ አሮጌ መኪና ብርን ከመሟሟት በመጠኑ ያስጥል ይሆናል፤ ሀብት ግን አያወልድም። ሀብት ፈልጎ የሚገዛ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ለደስታ ነዋ። ደስታ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን አውቆ መክፈል ነው ብልሃቱ።

ወደ ላይ፣ ወደ ቀዝቃዛው አገር

የጎንደር ሰው ደስታውን የሚያገኘው ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ፣ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅን አልፎ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በጣሊያን ዘመን የተቀደደ መንገድ ነው። ጣሊያን ከመንገዱ ጋር ቋንቋውንም ጋራዣችን ውስጥ ጥሎ ሄዷል፤ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎማ የምንለው ሁሉ የእሱ ነው። ዛሬ ያ መንገድ የሚኬደው ሰላሙ ተጠይቆ፣ ነዳጁ ተገኝቶ ነው፤ ይህን የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም።

አባዬ ክረምት ሲወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ እኛን ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ጠቅጥቆ ኮሶዬ ያወጣን ነበር። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አቀበት ላይ ሌሎች መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ውሃ ሲለምኑ፣ እኛ እያጨበጨብን እናልፋቸዋለን። ፍጥነት ግን አልነበረም። የእኛዋ 1300 ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ግድም ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ። በየሺህ ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ደባርቅ ስንደርስ የቀረን 30 ገደማ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ደጋ ላይ ለሚኖር መኪና ካርቡሬተሩን በዚያው ከፍታ ማስተካከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከማቃጠል በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት መተው ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ

አንደኛ፣ ከመኪናው በፊት ወረቀቱን እዩ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልታረመ፣ ስም ሲዛወር ጣጣ ነው። ባለቤቱ ከሞተ ደግሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይዙ ውል መዋዋል ገንዘብን ነፋስ ላይ መበተን ነው።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ አያታላችሁ። ዝገት ፈልጉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላል፤ ወንበሩን አንሡት። የበሮቹን ሥር ግራና ቀኝ፣ ከፊት የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ በጣት ተጫኑ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ዝገቱን ቆርጦ ላሜራ እንዲበይድ ከፍዬው፣ ላዩን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶ ሰጠኝ። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ተንጠባጠበ። ሥራው ሲሠራ ሄዳችሁ እዩ፤ ፎቶ አንሡ።

ሦስተኛ፣ የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቿን ቀይሩ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ትኩስ ሞተር ላይ ቢያንጠባጥብ መኪናዋ ትቃጠላለች። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሳይቀይሩ ረጅም መንገድ አይኬድም።

አራተኛ፣ ስለ ልጆች። እኛ በዕቃ ጉድጓድ ውስጥ አደግን ብለን ልጆቻችንን እዚያ አንጨምርም። የደኅንነት ቀበቶ የሌላት መኪና ከሆነች በሚገባ አስገጥሙ። ካልሆነ ልጅ አይሳፈርባት።

አምስተኛ፣ የቤተሰቡ ብቸኛ መኪና አታድርጓት። ማለዳ ፈተና ያለበትን ልጅ ለሷ አደራ መስጠት ሁለቱንም መጥላት ነው።

የእኛ ቤት ውሳኔ

ወረቀቱን ይዤ ለእህቴ ደወልኩ። «እታለም፣ መጀመሪያ የማን እንደሆነች እንለይ» አልኳት። አባዬና እማዬ በትዳር ያፈሯት ናትና ግማሿ የእማዬ ነው። የአባዬ ግማሽ ለሦስት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ከስድስት አንድ ይደርሳል። እህቴ ዝም አለች። የደላላውን ዋጋ ሙሉውን በልቧ ስታስብ ነበር የከረመችው፤ እኔም እንደዚያው።

ሦስት ሰው አስገመትን፤ መካከለኛውን ያዝን። የእህቴን ስድስተኛ ለመክፈል የሚበቃ ቁጠባ ነበረኝ፤ ያ ቁጠባ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ከባለቤቴ ጋር የጀመርነው ነው። ባለቤቴ ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። «ቀበቶ ይገጠምላት፤ በዓመት የምታወጣባትም በቁጥር ይጻፍ። ከቁጥሩ ካለፈች ትሸጣለች» አለች። ተጻፈ፤ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ወንድማችን ድርሻውን ለእማዬ ተወላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ለሁለት ጎማ የሚሆን ላከ። እህቴ ገንዘቧን ስትቀበል አመሰገነች፤ ድምፅዋ ግን ከፍቶት ነበር። የጠበቀችው ይበልጥ ነበረ፤ ያ ቅሬታ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልሻረም። ይህን የምጽፈው ሌላውም ቤተሰብ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ድርሻውን እንዲለይ ነው።

እማዬን ደግሞ «የአንቺስ ግማሽ? ልክፈልሽ?» አልኳት።

«የእኔ ድርሻ ወንበሬ ነው» አለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች በቀኙ በኩል ገባች። ቀበቶውን ሳስርላት «አባትህ እንዲህ አላሰረኝም» ብላ ተቆጣች። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተንገራገጨችና ተነሣች። ሩቅ አልሄድንም፤ ፒያሳን ዞረን፣ በፋሲል ግንብ በኩል አልፈን፣ ወለቃ ደርሰን ተመለስን። መንገድ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር አቆመንና «ይሸጣል?» አለኝ።

መልሱን እማዬ ቀደመችኝ፤ «ወንበሬን ብሸጥ ምን ላይ ልቀመጥ ልጄ?» አለችው።