የአዛዡ ዓይንና የወታደሩ እግር

ስለ ኪነ ጥበብ ይዘትና ቅርፅ በሚደረጉ ውይይቶች የቪዲዮ ጨዋታ ስም ሲነሣ ሁለት ዓይነት መልስ መስማት የተለመደ ሆኗል። አንደኛው ወገን «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ የሂስ ጉዳይ አይደለም» በማለት ያልፈዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በመስኮቱ ላይ የሚፈሰውን ደም እየለካ፣ የሚተኮሰውን ጥይት እየቆጠረ ያወግዘዋል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ሥራውን ሳይመረምሩ ፍርድ መስጠታቸው ነው። የመጀመሪያው ይዘት የለውም ይላል፤ ሁለተኛው ይዘቱን የሚፈልገው ላይ ላዩን በሚታየው ሥዕል ብቻ ነው። የጨዋታ ይዘት ግን ከሁሉ በፊት የሚገኘው በሕጉ ውስጥ ነው። ማን ያዛል፣ ማን ይታዘዛል፣ ለስሕተቱስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው የጨዋታው ሕግ ነውና።

ይህ እውነት ጎልቶ የሚታየው የተኩስ ጨዋታንና የጦር ስልት ጨዋታን በአንድነት ባዋሐደው ዘርፍ ነው። ዘርፉ በገበያ አልቀናውም፤ በሂስም በቂ ትኩረት አላገኘም። ሆኖም በአዛዥና በታዛዥ መካከል ያለውን ቅራኔ በተጫዋቹ እጅ ላይ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ከብዙዎቹ ታዋቂ የጦር ጨዋታዎች ይልቅ ምርመራ የሚገባው እርሱ ነው።

በመሠረቱ ጦርነትን በጨዋታ መልክ ማሳየት በኮምፒዩተር ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። በነባሩ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንደኛው ወገን የመጀመሪያውን ምርኮ ከያዘ በኋላ ነው። ስለሆነም የዛሬው የስልት ጨዋታ እንደ አዲስ ግኝት የሚኩራራበት «ጠላት ተራህን አይጠብቅልህም» የሚለው ሐሳብ ለሰንጠረዥ አዋቂ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የሰንጠረዥ ወታደር አይናገርም፤ አይፈራም፤ ለምን ሞትኩ ብሎም አይጠይቅም። ሜዳውን የሚያየው ከላይ የተቀመጠው የተጫዋቹ ዓይን ብቻ ነው።

የኮምፒዩተር የጦር ጨዋታ ያደገው ይህንኑ ክፍፍል ይዞ ነው። በአንድ በኩል በ1992 የወጣው ዱን ቱ እና በ1995 የወጣው ኮማንድ ኤንድ ኮንከር የስልቱን መንገድ ጠረጉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ከሰማይ ሆኖ ሜዳውን ያያል፤ ሀብት ያስሰበስባል፤ ፋብሪካ ይተክላል፤ ሠራዊት ይልካል። በሌላ በኩል በ1993 የወጣው ዱም የተኩሱን መንገድ ከፈተ። በዚያ ተጫዋቹ የሚያየው በአንድ ተዋጊ ዓይን፣ ከጠመንጃው አፈሙዝ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን አይቆስልም። ሁለተኛው ይቆስላል፤ ነገር ግን ጦርነቱ ለምን እንደሚካሄድ አያይም። እያንዳንዱ የጦርነትን እውነት ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ደብቋል ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ግማሾች ለማገናኘት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በ1998 አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ባትልዞን ዋነኛው ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960ዎቹ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ለዓለም ሕዝብ የጨረቃ ጉዞ ውድድር እያሳዩ፣ በስውር ግን በጨረቃና በፕላኔቶች ላይ እንግዳ ለሆነ ማዕድን ሲዋጉ ያሳያል። ተጫዋቹ ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ እዚያው ሆኖ ይተኩሳል፤ እዚያው ሆኖም ሠራዊቱን ያዝዛል፤ የጦር ሠፈር ያስገነባል። ሲያስፈልግ ከታንኩ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ የጠላትን ነጂ ከሩቅ አነጣጥሮ ገድሎ ታንኩን ይማርካል።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ አሌ የሚባል አይደለም። ተጫዋቹ ኢላማውን ሲያነጣጥር ከበስተኋላው የጦር ሠፈሩ ይቃጠላል፤ ወደ ጦር ሠፈሩ ሐሳቡን ሲመልስ ደግሞ የጠላት ጥይት ያገኘዋል። ማዘዝና መዋጋት አንድ ሰው ሁለቱንም አሟልቶ የማይወጣቸው ሥራዎች መሆናቸውን በንግግር ሳይሆን በሕጉ ያስረዳል። ከዚህም ሌላ ጨዋታው በአሜሪካኖቹም ሆነ በሶቪየቶቹ ወገን ተሰልፎ መዋጋትን ይፈቅዳል። በሁለቱም ወገን ትእዛዙና ሞቱ ያው መሆኑን ተጫዋቹ በእጁ ይረዳዋል።

ድክመቱም የሚገኘው በዚያው በሕጉ ውስጥ ነው። በባትልዞን ከወደመ ታንክ የሚቀረው ቁርጥራጭ ብረት ተለቅሞ ወደ ጦር ሠፈሩ ይመለሳል፤ እንደገና ቀልጦ አዲስ ታንክ ይሆናል። ነጂዎቹም በመስኮቱ ጥግ ላይ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ አዛዡ ያስተካክለዋል፤ ስማቸውን ግን አያውቅም። የበታቾቹ ሁሉ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው «እምቢ» የሚል አንድም የለም። እንግዲህ ተጫዋቹ ከአዛዥነቱ ወንበር ወርዶ ወታደር ቢሆንም የሚያገኘው ወታደር ራሱን ብቻ ነው። ሞት ጥሬ ዕቃ የሚሆንበት ሕግ ምንም ያህል ደም ባይታይበት ስለ ጦርነት ውሸት ይናገራል። ደም ቆጣሪው ሐያሲ ያላየው ይህንን ነው።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው» ለሚለው ወገንም መልስ የሚሰጠው የዚሁ ስም ታሪክ ነው። ባትልዞን የሚለው ስም የተወሰደው አታሪ በ1980 ካወጣውና ኤድ ሮትበርግ ከቀረጸው የታንክ ጨዋታ ነው። ያ ጨዋታ እንደ ወጣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ትኩረቱን ጣለበት። ብራድሊ ለተባለው የእግረኛ ተዋጊ ተሽከርካሪ ተኳሾች ማሠልጠኛ እንዲሆን ተለውጦ በ1981 ብራድሊ ትሬነር የተባለ ናሙና ተሠራ። ሮትበርግ የእጁ ሥራ ለጦር መሣሪያ ማሠልጠኛ መዋሉን ተቃውሞ ነበር፤ ሥራውን የፈጸመውም ወደፊት በዚህ ዓይነት ነገር እንዳይጠየቅ ቃል አስገብቶ ነው። ሐያሲው «ይዘት የለውም» ያለውን ነገር የጦር መኮንኑ ይዘት እንዳለው አውቆታል፤ ከያኒውም አውቆ ተጨንቆበታል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1996 የአሜሪካ ማሪን ጓድ ዱምን ለወታደሮቹ ማሠልጠኛ አድርጎ ለወጠው። በ2002 ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አሜሪካስ አርሚ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ በራሱ ወጪ አሠርቶ ወጣቶችን ወደ ውትድርና ለመሳብ በነፃ አሠራጨ፤ እስከ 2022 ድረስም አቆየው። በዚህ ጨዋታ ሁለት ቡድኖች ሲፋለሙ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱንና ጓደኞቹን የአሜሪካ ወታደሮች፣ ተፋላሚዎቹን ግን ጠላቶች አድርጎ ነበር የሚያያቸው። በወዲያኛው ወገን ያለውም እንዲሁ። ማንም ሰው በጠላት ቦታ ቆሞ ራሱን እንዳያይ ሕጉ በጥንቃቄ ከልክሎታል። ስለ ወታደር ምልመላ የሚያስብ ተቋም የጨዋታን ሕግ ይህን ያህል ሲጠነቀቅለት፣ ስለ ትውልድ አስተሳሰብ የሚያስብ መምህር እንደ ቀልድ ሊያልፈው አይገባም።

የዘርፉ እውነተኛ ዕድገት የመጣው አዛዡም ታዛዡም ሕያዋን ሰዎች በሆኑ ጊዜ ነው። በ2002 በቻርሊ ክሊቭላንድ መሪነት ተሠርቶ በነፃ የተሰጠው ናቹራል ሴሌክሽን ለዚህ ዋነኛ አብነት ነው። በዚህ ጨዋታ ከሰው ወገን አንዱ ተጫዋች በአዛዥነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ከላይ ያያል፤ ሌሎቹ በእግራቸው ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ይዋጋሉ። አዛዡ ሕንፃ የሚተከልበትን ቦታ ያመለክታል፤ ነገር ግን ከታች ያለው ተዋጊ ሄዶ በእጁ ካልገነባው ሕንፃው ሕንፃ አይሆንም። አዛዡ ጥይትና መድኃኒት ይልካል፤ ነገር ግን ተዋጊዎቹ ያልደረሱበትን ቦታ እርሱም አያይም። ዓይኑ የእነርሱ እግር ነው። ከሁሉም በላይ ተዋጊዎቹ አዛዡ አልበጀንም ካሉ ድምፅ ሰጥተው ከወንበሩ ያወርዱታል። በአንዲት የጨዋታ ሕግ ሥልጣን ከላይ የተሰጠ ዙፋን መሆኑ ቀርቶ ከታች የተሰጠ አደራ ሆነ።

በተቃራኒው ወገን የተሰለፉት እንግዳ ፍጡራን ግን በዚያ የመጀመሪያ ሥራ አዛዥ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ሀብቱን ይዞ ለመገንባትም ሆነ ለመዋጋት ራሱ ይወስናል፤ ኅብረታቸው የሚገኘው ከስምምነት እንጂ ከትእዛዝ አይደለም። ሁለት የአደረጃጀት መንገዶች በአንድ ሜዳ ላይ ተፋጠጡ ማለት ነው። በ2012 የወጣው ሁለተኛው ናቹራል ሴሌክሽን ለፍጡራኑም አዛዥ ሰጣቸው። ይህ ለውጥ ጨዋታውን ሚዛናዊ አድርጎት ይሆናል፤ በይዘት በኩል ግን ኪሣራ ነው። የመጀመሪያው ሥራ «ያለ አዛዥ መደራጀት ይቻላልን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ሁለተኛው ጥያቄውን አንሥቶ ጣለው። ሐያስያን ስለ ሥዕሉ ጥራት ሲጽፉ ይህን ኪሣራ መመዝገብ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ «ዘርፉ ተሞክሮ ወድቋል፤ የወደቀ ነገር ለምን ይነሣል?» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። በእርግጥ የ1998ቱ ባትልዞን ከሐያስያን ምስጋና ቢያገኝም ሽያጩ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ይሁን እንጂ ገበያ የሸቀጥ መዛኝ እንጂ የጥበብ ዳኛ አይደለም። ያው ጨዋታ በ2016 ታድሶ እንደገና ወጥቷል። ማይክሮሶፍት በ2000 ያወጣው አሊጂያንስም ይበልጥ ያስተምራል። በዚህ ጨዋታ አንድ አዛዥ የጠፈር ጦር ሲመራ ሌሎቹ ተጫዋቾች መርከቦቹን ያበራሉ። በገበያ ሳይሳካለት ቢቀርም ኩባንያው በ2004 የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለሕዝብ ሲለቅቀው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተረክበው፣ ያለ ደመወዝ እያረሙና እያሻሻሉ አቆዩት። ነጋዴው የተወውን ሥራ ተጠቃሚው በጉልበቱ ያቆመው ለሕይወቱ የሚናገረው ነገር ስላገኘበት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም።

ጉዳዩ ከጨዋታ አዳራሽ የሚያልፍ መሆኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል። ዛሬ ሰው አልባ አውሮፕላን የሚመራ ሰው ከሜዳው እጅግ ርቆ፣ በመስኮት እያየ፣ ሰው ይገድላል። ከላይ የሚያየው ዓይንና ከታች የሚወድቀው ሰው በእውነተኛው ዓለም ከመቼውም ይበልጥ ተራርቀዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ሁለቱን በአንድ ሕግ አገናኝቶ የሚያሳይ የጥበብ ቅርፅ መኖሩ ተራ ነገር አይደለም። ቅርፁን በንቀት መተው ደግሞ ለመልማዩ መኮንን በነፃ ማስረከብ ነው።

ስለዚህ በባህል መስክ የተሰማራ ካድሬ፣ መምህርና ከያኒ የጦር ጨዋታን ሲመዝን አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። የሚያዝዘው ማን ነው? ለትእዛዙ ዋጋ የሚከፍለውስ? የታዘዘው «እምቢ» ለማለት ይችላልን? የሞተው ሰው በሕጉ ውስጥ ሰው ሆኖ ተቆጥሯል ወይስ ቁርጥራጭ ብረት? መምህሩ ተማሪዎቹን ከጨዋታው ከማባረር ይልቅ አንድ ጊዜ በአዛዡ ወንበር፣ አንድ ጊዜ በተዋጊው እግር እንዲጫወቱ አድርጎ በሁለቱም ቦታ ያዩትን ቢያጽፋቸው ከብዙ ስብከት የበለጠ ትምህርት ያገኙበታል። ከያኒውም ሥዕሉን ከማሳመር አስቀድሞ ሕጉን ይቅረጽ። አዛዡ ከታች ያሉት ባወጡት ድምፅ ከወንበሩ የሚወርድበት ጨዋታ መሥራት መቻሉ ከ2002 ጀምሮ ተረጋግጧል። የሚቀረው ሐያስያን እንዲህ ያለውን ሥራ ከሌላው ለይተው ማወቃቸውና ተማሪው እንዲያውቀው ማድረጋቸው ነው።