ዘሎ የዘፈነ ሁሉ ባዶ ነውን?

ክርክሩ አልበረደም። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጣ ስንትና ስንት ዓመት አልፏል። ሆኖም በዶርም በረንዳ ላይ፣ በሻይ ቤት፣ ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ አድርጎ ወደ ሳንጃ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር፣ አንዱ ስማቸውን ባነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ጎራ ይለያል። አንደኛው ወገን «እነዚህ ልጆች ትርኢት እንጂ ሙዚቃ የላቸውም፤ ዝላዩን፣ ጠጉሩን፣ አለባበሱን፣ መብራቱን ንሣቸውና ምን ይቀራል?» ይላል። ሌላው ወገን «ቢል ላስዌልን የመሰለ ሰው የሠራላቸውን፣ አንተ ማን ነህና ነው የምትተቸው!» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። እኛ ከሳንጃ የመጣን ተማሪዎች ሁለቱንም ስንሰማ ከረምን። ብዕር ማንሳታችን ከሁለቱ ለአንዱ ለመወገን አይደለም። ሁለቱም በተበደሩት ሚዛን እየመዘኑ፣ የራሳቸውን ሚዛን ቤታቸው ጥለው መምጣታቸው ስላናደደን ነው።

በቅድሚያ ነገሩን እናስቀምጥ። ጃኖ በሮክ ጊታር፣ በቤዝ፣ በኪቦርድና በድራም ላይ አራት ድምፃውያን ያሰለፈ ባንድ ሆኖ ነው የመጣው፦ ኃይሉ አመርጋ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። ስማቸውን የወሰዱት ከልብስ ነው። ጃኖ ማለት ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ ዱሮ መኳንንቱ የሚለብሱት ነጭ ኩታ መሆኑን ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ ባንዱ ገና ስሙን ሲያወጣ «መታየቴም ከሥራዬ አንዱ ነው» ብሎ አውጇል። ይህን በግልጽ የተናገረን ሰው «አየንህ፣ ለመታየት ትለብሳለህ!» ብሎ መያዝ ምኑ ላይ ነው ግኝቱ?

አሁን ወደ አንደኛው ወገን እንምጣ። እውነተኛ ሙዚቀኛ ረግቶ ይቆማል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል፣ ላቡ አይታይም ነው የሚሉን። ለመሆኑ ይህን ሕግ ማን አወጣው? ሞዛርትን በጥቁር ሱፍ ተቀምጦ የሚያዳምጥ አዳራሽ ሊኖረው ይችላል፤ መብቱ ነው። የኛ አገር ግን መቼ ነው ዜማን ከገላ ለይቶ የሚያውቀው?

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጽናጽሉ ሲቆጥር፣ ከበሮው በዝግታ ተነሥቶ እየፈጠነ ሲመጣ፣ ወረቡ ሲሞቅ ከበሮ መቺው ከእግሩ እስከ ራሱ ሲነቃነቅ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? እስቲ አንዱ ደፋር ይነሣና «እኒህ መሪጌታ ስለሚወዛወዙ ዜማ አያውቁም» ይበል! አይልም። ምክንያቱም እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርት መሆኑን፣ ተማሪው ዓመታት የሚፈጅበት መሆኑን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑንና ሮኩን አንድ አድርጋችኋል የሚለን ቢኖር ነገራችንን አልተረዳም፤ እኛ የምንለው ገላ መነቃነቁ የዜማ ጠላት ሆኖ አያውቅም ነው።

ዓለማዊውንም እንይ። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ቤት ሲገባ የሚዘፍነው በጉሮሮው ብቻ ነው እንዴ? በቅንድቡ ይጠቅሳል፣ በትከሻው ይመታል፣ ባለጸጋውን ያንቆለጳጵሳል፣ ቆንቋናውን ይወጋል፣ ከታዳሚው «ተቀበል!» የተባለውን ግጥም ትኩስ እንዳለ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። አንድ ሰው ዘፋኝም፣ ገጣሚም፣ ተዋናይም ሆኖ ነው የሚያመሸው። በአንዲት የጭራ ክር! ከሦስቱ አንዱ ቢጎድልበት «ምን ዓይነት አዝማሪ ነው?» የምንለው እኛው ነን።

አርማጭሆማ ምን ይነገራል! የሳንጃ ሰው ሰርግ ላይ ቀረርቶ ሲነሣ ተመልክታችሁ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ምት የሌለው ረጅም ጩኸት ይሳባል፤ ከዚያ ሽለላው ምት ይዞ ተቀባይ ያገኛል፤ ኋላ ፉከራው ከዜማ ይወጣና ንግግር ይሆናል። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ከመደቡ ይነሣል፣ ይዘላል፣ ዱላውን ያነቃንቃል፣ አባቱን ይጠራል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ይህ ሁሉ ትርኢት ነው። ግን በትርኢቱ ውስጥ ድምፁ ከቃናው የወጣበት ፎካሪ ይሳቅበታል፤ ግጥሙ የደከመበትም «ተቀመጥ!» ይባላል። ከሳንጃ የመጣን ልጆች ታዲያ ዘሎ የሚዘፍንን ሰው ዘፈነ ብለን የምንመዝነው ከዚያው ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። መዝለሉ ለማንም ማለፊያ ሆኖ አያውቅም። ለማንም ጥፋት ሆኖም አያውቅም።

ይህ የሰርግ ቤት ጨዋታ ነው፣ ከመድረክና ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው የሚለን ካለ፣ ጌታቸው መኩሪያን እንጠራለታለን። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ የነፋው ይህ ሰው ሽለላን ከጉሮሮ አንሥቶ ሳክስፎን ላይ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ሸክላ እስከ ዛሬ ይሰማል። መድረክ ላይ የጀግና ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ምኑ ነው ይሄ? ትርኢት አይደለም? እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባሉት የሆላንድ ፓንከኞች ጋር «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም ሲሠራ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ ያንን የሻከረ ጊታር ከጎኑ አቁሞ ሽለላውን ነፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ «ጎፈር ስለሚደፋ ተሰጥኦ አልነበረውም» ያለ አልሰማንም።

ዓለማየሁ እሸቴስ? የዛሬዎቹ የ«ወርቃማው ዘመን» ናፋቂዎች በእሱ ይምላሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው ከእሱ ጋር ነው። ግን እኮ ኤልቪስ እየተባለ የተጠራው ጠጉሩን እንደ ኤልቪስ ስላበጠረና እንደሱ ስለተወዛወዘ ነው! የትናንቱ አስመሳይ ዛሬ ቅርስ ሲሆን፣ የዛሬው ደግሞ አስመሳይ ይባላል። ናፋቂዎቹ ጠጉሩን ረስተው ድምፁን አስቀሩ፤ መልካም አደረጉ። ይህንኑ ቸርነት ለጃኖ ሲሆን ምነው ነፈጉ?

በውጭውም ቢሆን ጭቅጭቁ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተው ኪስ፣ ፊቱን በቀለም እየለቀለቀ፣ እሳትና የውሸት ደም ከአፉ እየተፋ ሃምሳ ዓመት ዘፈነ። ለሮክ የዝና አዳራሽ ዕጩ ለመሆን ብቁ ከሆነ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በር ላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የገባው። ዳኞቹ ቀለሙን ሲያዩ ጆሯቸውን ዘግተው ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። የኛዎቹ የፈረንጅን ሙዚቃ ጠላን እያሉ የፈረንጅን ሐያሲ ንቀት በሙሉ ተቀብለው ይዘውልን መጡ።

ሁለተኛው ወገን ይበልጥ ያስቀናል መሰላችሁ? የለም። እሱማ ጭራሹን አያዳምጥም። ቢል ላስዌል ከባድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የኸርቢ ሃንኮክን አልበም የሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውንም የሠራ ነው። ይሁንና የሰውዬው ስም ማኅተም ሆኖ ክርክር መዝጊያ ሲደረግ አንድ የምናውቀው በሽታ ይታየናል፦ የራሳችንን ነገር ፈረንጅ ካላጸደቀው አናምንም። የሳንጃ እናት እልልታዋን ለማን ልታስፈርም ነው? ጃኖን የሚወድ ሰው «ቢል ላስዌል» ከማለቱ በፊት የትኛው ዘፈን የት ላይ እንደያዘው ይንገረን። ካልቻለ ዝም ይበል፤ ፍቅሩም ለፖስተር ነው።

እንግዲህ የኛ ሚዛን የቱ ነው? ቅኝቱ ነው። የሮክ ጊታር ድምፁን ሆን ብሎ ያሻክራል። በሻከረ ድምፅ ላይ ብዙ ኖታ ቢደራረብ ይታመሳል፤ ስለዚህ ሮከኞች መነሻውንና አምስተኛውን፣ ሁለቱን ብቻ ደርበው ይመታሉ። ይህ ለኛ ዜማ ያልታሰበ ሲሳይ ነው። የፈረንጁን ዜማ ወይ ደስተኛ ወይ ኀዘንተኛ የሚያደርገው ሦስተኛው ድምፅ ስለሌለበት፣ ትዝታም ባቲም ያለ ጠብ ይቀመጡበታል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ነገር ይመጣል። ከመነሻዋ በላይ ያ የለመደው አምስተኛ የላትም፤ በግማሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ጊታሪስቱ ጣቱን እንደ ልማዱ ቢያሳርፍ ቅኝቷን ሰበራት ማለት ነው። ሌላም አለ። ማሲንቆ አንገቱ ላይ ብረት የለበትም፤ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል። ጊታር በብረት የተከፋፈለ ነው፤ ያንን መንሸራተት በአብዛኛው የሚያገኘው ክሩን በጣቱ ጎትቶ ሲያጣምመው ነው። አንድ የሮክ ባንድ የኛ ነው አይደለም የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጠጉሩ ላይ አይደለም።

በኛ ጆሮ «ኤርታሌ» ይህን ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ዜማው ከቅኝቱ አልወጣም፤ ድምፃውያኑም ከሮኩ ጩኸት ሥር እንጉርጉሮውን አልጣሉትም። ቅሬታ የለንም ማለት ግን አይደለም። አራት ድምፅ በአንድነት ሲነሣ፣ ጊታሩም ሲጨመርበት፣ ቃሉ ይሰምጣል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ደግሞ ቃሉ ከሰመጠ ወርቁ ሰመጠ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ቢሉ ኖሮ አብረን በተቀመጥን ነበር! እነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ዝላይ ነው።

ሌላው የተረሳ ነገር፣ ባንድ መሆናቸው ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሰበረው። እነ ሮሃ ባንድ በዚያ ዘመንም ቢጫወቱ፣ ኋላ የመጣው አንድ ኪቦርድ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሹንም ተክቶ ስንቱን ሙዚቀኛ ከሥራ አስወጣ። እኛ ሰርጋችንን ያየነው አንድ ሰው አንድ ማሽን ይዞ ሲመጣ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሆኖ፣ እርስ በርስ እየተደማመጠ፣ በእጁ መሣሪያ ይዞ መድረክ መውጣት ቀላል ነገር ነው? አንዱ ምት ቢስት ሌላው ይወድቃል። ማሽን እንደሆነ አይስትም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል የምንከራከረው ለጃኖ አዝነን እንዳይመስልህ፤ እነሱ ጠበቃ አያጡም። ነገሩ የኛ ነው። ከመካከላችን አንድ ልጅ አለ፤ ቀረርቶ ሲያወጣ የዶርሙ ሕንጻ ሁለት ፎቅ ይሰማዋል። ባለፈው በአንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ ከጊታር ተጫዋች ጓደኛው ጋር ሽለላ ይዞ ወጣ። ሲዘል ሳቁበት። «ሰርከስ ነው» አሉ፤ ከኋላ ደግሞ «አዝማሪ!» የሚል ተሰማ፤ ስድብ ሆኖ። ልጁ ሲወርድ «ሁለተኛ አልወጣም» አለን፤ ቤተሰቦቹም ቢሰሙ «አስተምረን አዝማሪ ወጣን» እንደሚሉት ያውቃል። ጊታሪስቱ አንቺ ሆዬ ላይ ያቺን አምስተኛ ሳይነካ መዝለሉን ግን ከሳቂዎቹ አንድም ልብ ያለው አልነበረም።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የምንለው ይህ ነው። በሚቀጥለው ምሽት ኑ። መጀመሪያ መብራቱን አጥፍተን «ኤርታሌ»ን እናጫውታለን፤ ማንም ማንንም አያይም፣ ቅኝቱ የት እንደተሰበረ የሰማ እጁን ሳይሆን ድምፁን ያውጣ። ከዚያ መብራቱን እናበራለን፤ ያ ልጃችንም ይወጣል፤ ለምነን አሳምነነዋል። ማሲንቆ የሚጫወት አንድ አጎትም ከሳንጃ ይመጣል፤ የራሱ ማይክሮፎን ይኖረዋል፣ ከጊታሩ ፊት ይቆማል። የሚስቅ ሰው ይሳቅ፤ ግን ሲስቅ አጎታችን ግጥም ሊወረውርበት እንደሚችል ከወዲሁ እናስታውቃለን፤ እሱ ደግሞ መልስ ሳይቀበል አይለቅም።