ፍል ውሃው የማን ነው?

የፍል ውሃን ከተማ ከተማ የሚያደርገው ምንድን ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው ሳያስብ “ፍል ውሃው ነዋ!” ይላል። ፍል ውሃማ የትም ይፈላል። ማንም ዞር ብሎ ሳያየው በየጥሻው እየተንፎለፎለ ወንዝ የሚገባ ስንት አለ! ከተማ የሚወለደው ሰው ውሃውን ከቦ አብሮ ለመኖር ሲስማማ ነው። ይህን ስል፣ “የጋራ ነገር መቼም አያምርም፤ ለአንድ ባለሀብት ሰጥቶ ማሳጠር ነው” የሚሉ ወዳጆቼ ፊታቸውን እንደሚያጨማድዱ አውቃለሁ። እስቲ ጃፓን ድረስ ልውሰዳቸው።

ኪኖሳኪ ትንሽ ከተማ ናት። መሐሏን ወንዝ ያቋርጣታል፤ ዳርና ዳሩ አኻያ ዛፍ ነው። የታወቀችው በሰባት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶቿ ነው። እንግዳው ስስ ኪሞኖውን ለብሶ፣ የእንጨት ነጠላ ጫማውን እያንኳኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። የአገሩ ሰዎች ከተማዋ በሙሉ አንድ ማረፊያ ቤት ናት ይላሉ፦ ባቡር ጣቢያው መግቢያ በሯ፣ መንገዱ ኮሪደሯ፣ ሆቴሎቹ መኝታ ክፍሎቿ። ባለሱቁም ሻይ ቤቱም የሚያድረው በዚህ ዝውውር ነው። ደራሲው ሺጋ ናኦያ እ.ኤ.አ. በ1913 ባቡር ገጭቶት ሊያገግም የሄደው እዚያ ነበር፤ በ1917 ያሳተመው ዝነኛ አጭር ልቦለዱም የዚያ ቆይታ ፍሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1925 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ኪኖሳኪን አወደማት። ገና ከፍርስራሹ ሳታገግም፣ በ1927፣ አንድ ማረፊያ ቤት በግቢው ውስጥ የራሱን የፍል ውሃ ገንዳ ልሥራ አለ። ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። የከተማው ሰው ግን “ውሃው ከጥንት ጀምሮ የሁላችን ነው፤ እንግዳ ግቢ ውስጥ ከታጠበ ማን ወደ ውጭ ይወጣል?” ብሎ ተነሣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑ ገብቶታል! ሙግቱ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1950 በእርቅ አለቀ። ማረፊያ ቤቶች ትንንሽ ገንዳ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ የፍል ውሃው አስተዳደር ግን በከተማው እጅ ሆነ።

እንግዲህ ወዳጆቼ ልብ ይበሉ። ባለሀብቱን ማንም አላባረረውም፤ ድርሻውን አገኘ። የጋራው ነገርም ጌታ አልባ አልሆነም። መግቢያ ይከፈልበታል፣ ሥርዓት አለው፤ ገላውን ቀድሞ ሳይታጠብ ገንዳ ውስጥ የሚዘፈቅ ነውረኛ ነው። ታዲያ የጋራ ነገር የሚቆሽሸው የጋራ ስለሆነ ነው ወይስ ጠባቂና ደንብ ስላጣ?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩት ከፍል ውሃው አጠገብ ነው፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው ከዚያው ነው። ፊንፊኔ የሚለው ስምም ከነዚሁ ምንጮች ጋር የተያያዘ ነው። ፍል ውሃ ከተማ እንደሚወልድ ከእኛ በላይ ምስክር የለም።

ስለዚህ የትም አገር ይሁን፣ ምንጭ ላጥር ብሎ ፕላኑን ጠቅልሎ የመጣውን ሰው፣ ስንት ክፍልና ስንት ገንዳ እንደሚሠራ ከመጠየቅ በፊት አንድ ነገር እንጠይቀው፦ ጌታው፣ እንግዳዎ ከታጠበ በኋላ ከግቢዎ ወጥቶ ሻይ የሚጠጣው ከማን ቤት ነው? መልስ ከሌለው ፕላኑን እንደ ጠቀለለው ይመለስ።