240 ኸርዝ ለማን ነው?

ካውንተር ስትራይክን ለውድድር የሚጫወቱ ባለሙያዎች ፊት የሚቀመጠው ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ 24 ኢንች ገደማ ነው፤ ጥራቱም 1920 በ1080። ትልቁን መግዛት አቅቷቸው አይደለም። ፒክስሉ ሲያንስ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ቶሎ ቶሎ ያደርሳል፤ የስክሪኑ ጥግና ጥግም አንገት ሳይዞር ይታያል።

ፍጥነቱስ? 60 ኸርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ምስል ይቀይራል፤ 144ቱ በየ6.9፣ 240ው በየ4.2። ከ60 ወደ 144 መውጣት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ያተርፋል፤ ከ144 ወደ 240 ሲወጣ ያለው ትርፍ ግን 3 እንኳ አይሞላም። ለዚህች ብዙ ብር መጨመር የሚያዋጣው ለተወዳዳሪ ብቻ ነው።

ቀን ቀን በዚያው ስክሪን ለሚሠራ ሰው ዋናው ጉዳይ ጽሑፉ ነው። 1080ው በ27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 82 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ በደቃቁ የተጻፈ አማርኛ ላይ «ሸ»ን ከ«ሰ» የምትለየው ሰረዝ ትደበዝዛለች። 2560 በ1440 ግን በዚያው ስፋት 109 ያህል ይሰጣል። ለጨዋታም ለሥራም አንድ ስክሪን ብቻ ለሚገዛ እንግዲህ 1440ው በ144 ኸርዝ፣ ያውም አይፒኤስ በሚባለው የፓነል ዓይነት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ዊንዶውስ አንዳንዴ አዲሱን ስክሪን በ60 ኸርዝ ስለሚያስነሳው፣ ገዢው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማረጋገጥ አለበት።